ምዕራፍ አራት፦ የሃያ ብሩ ቤትና የጎረቤቱ ኪራይ

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች፣ ጉለሌ ይሁን አራዳ ወይም ልደታ፣ በአንድ ቀጭን መተላለፊያ ግራና ቀኝ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በአንደኛው የሚገባው ቤተሰብ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው፤ ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ከሃያ ብር ፈቀቅ ሳይል ኖሯል። በሌላኛው የሚገባው ከግል አከራይ አንዲት ክፍል ይዞ የደመወዙን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በየወሩ ቆጥሮ ያስረክባል፤ «ጨምር፣ አለዚያ ልቀቅልኝ» በተባለ ቁጥርም ዕቃውን ጭኖ ሌላ ሰፈር ይፈልጋል። ሁለቱ አባወራዎች በአንድ መሥሪያ ቤት እኩል ደመወዝ የሚበሉ፣ በአንድ ዕድር የሚያዋጡ፣ ልጆቻቸውን ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሚልኩ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ የግሉ ተከራይ «እኔ ምን በደልሁ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ቅሬታው በየታክሲውና በየቢሮው ይሰማል፤ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የቀበሌ ቤት ኪራይ ወደ ገበያው ዋጋ ይጠጋ። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ቅሬታው እውነተኛ፣ መፍትሔው ግን የተሳሳተ መሆኑን ነው። የበደሉ ሥር ያለው ቤቱን ማን እንደሚያገኘው፣ ማን እንደሚወርሰውና ማን እንደሚጠግነው በሚወስነው፣ ከኪራዩ ጀርባ ባለው አሠራር ውስጥ ነው።

የሃያ ብሩ ኪራይ ከየት መጣ? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ፤ ግለሰብ ቤት አከራይቶ መኖርም አከተመ። የተወረሱት ቤቶች በኪራይ መጠናቸው ተከፈሉ። በወር ከ100 ብር በታች ይከራዩ የነበሩት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለተባለው ለያኔው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራዩም ወዲያው ተቀነሰ፤ ቅነሳው በትንንሾቹ ቤቶች ላይ የበረታ ስለነበር እስከ ግማሽ ደረሰ። የተቀነሰውም ኪራይ ቢሆን ለዚያ ጊዜ ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር በነበረበት ዘመን ሃያ ብር ወደ አሥር ዶላር ይጠጋል። ቤቱ ርካሽ እንጂ ነፃ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩን የሚነካው ሰው ጠፋ። መንግሥት ተለወጠ፤ በ1985 የአንድ ዶላር ምንዛሪ ወደ 5 ብር ወጣ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ ለገበያ ተለቅቆ ከመቶ ብር በላይ ዘለለ። በብዙ ሺህ የኪራይ ደብተሮች ላይ የሰፈረው ቁጥር በነዚህ ሁሉ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ቆየ። ዛሬ ሃያ ብር ለአንድ ማኪያቶ አይበቃም። እዚህ ደረጃ ላይ ያደረሰን «ድሃው በነፃ ይኑር» ብሎ የወሰነ አካል አይደለም። የብር አቅም እየተሸረሸረ ሲሄድ ማንም ደብተሩን ከፍቶ አለማየቱ ነው።

ይህ ዝምታ ለተከራዩ ስጦታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በወር 20 ብር የሚከፈልበት ቤት በዓመት 240 ብር ያስገባል፤ በዚህ ገንዘብ ዛሬ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም፤ ምስማሩንና የአናጢውን የቀን ዋጋ ትተን ማለት ነው። አከራዩ መንግሥት ስለዚህ አይጠግንም፤ ተከራዩ ደግሞ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት፣ ክፍል መቀጠል አይችልም፤ ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ በራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ያጠራቀማትን ለማፍሰስ ያመነታል። ውጤቱን ለማየት አንድ ጣራ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ዝገት በበላው ቆርቆሮ ላይ ላስቲክ ተወጥሯል፤ ንፋስ እንዳያነሳው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል። ከውስጥ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፤ ዝናብ የገባበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ክብ ሠርቷል፤ ሐምሌ ላይ ከእያንዳንዱ ክብ ሥር ባልዲ ይቀመጣል። የጭቃው ግድግዳ ከታች በእርጥበት ተቦርቡሮ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። ሽንት ቤቱ የብዙ አባወራ ነው፤ ቁልፉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ተራ ይጠበቅለታል። ስለዚህ የሃያ ብሩ ኪራይ ከግሉ ኪራይ ጋር ሲነጻጸር የሚነጻጸሩት አንድ ዓይነት ቤቶች እንዳልሆኑ መታወስ አለበት። በሌላ በኩል አንድ ነገር መካድ አይገባም፦ ቦታው። መርካቶ አጠገብ የሚኖር ቤተሰብ ጉልት ወጥቶ፣ እንጀራ ሸጦ፣ ተሸክሞ የሚያድረው ቤቱ መርካቶ አጠገብ ስለሆነ ነው። ይህ ጥቅም በኪራይ ደብተሩ ላይ አይታይም፤ ከራሱ ከርካሹ ኪራይ የበለጠ ዋጋ ያለው ግን እሱ ነው።

ወደ ሌላኛው በር እንሻገር። «የገበያ ኪራይ» ሲባል ምን እየተለካ ነው? እንጀራ ሲወደድ ብዙ ሰው ይጋግርና ዋጋው በጊዜው ይረግባል። የአዲስ አበባ ቤት እንዲህ አይደለም። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም፤ ለግንባታ የሚወጣው በሊዝ፣ አስተዳደሩ በለቀቀው ልክ ነው። ፈላጊው በየዓመቱ ሲበዛ የሚለቀቀው መሬት ግን አብሮ አይበዛም። በ2005 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት በአዲስ አበባ ብቻ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቧል፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ዛሬም ዕጣ ይጠብቃሉ። የግል ኪራይ የሚነግረን እንግዲህ ይህ ወረፋ ምን ያህል እንደረዘመ ነው። አንድን ክፍል ለመሥራትና ለመጠገን የሚያስፈልገው ወጪ ከዋጋው ውስጥ ጥቂቱ ድርሻ ሊሆን ይችላል። አያት አካባቢ ያለ ቤት በ2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ኪራዩ ቢጨምር፣ ጭማሪውን ያመጣው ሐዲዱን የዘረጋው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ አከራዩ አንድ ጡብ አልጨመረም።

የኮንዶሚኒየሙ ነገር ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ከ1997 ወዲህ በስፋት የተሠሩት ቤቶች የቆሙት መንግሥት ባቀረበው መሬት ላይ ነው፤ ለዕድለኛው የተላለፉትም ከገበያው ዋጋ እጅግ ባነሰ ሒሳብ፣ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት የቁጠባና የባንክ ብድር መንገዶች ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ግን ቤቱን በገበያ ዋጋ ሊያከራይ ይችላል፤ ብዙዎችም ያከራያሉ። በባለዕድሎቹ አልፈርድም፤ የባንክ ዕዳቸውን ለመክፈል ሲሉ የራሳቸውን ኮንዶሚኒየም አከራይተው ራሳቸው በጠባብ ክፍል የሚኖሩ ሞልተዋል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ የሕዝብ ድጎማ ያለበት ቤት በግል ገበያ ሲከራይ ድጎማው በአከራዩ እጅ ይቀራል፤ የቀበሌ ቤት ሲከራይ በተከራዩ እጅ ይቀራል። የመጀመሪያውን «ገበያ»፣ ሁለተኛውን «ምጽዋት» እያልን መጥራታችን የለመድነው አነጋገር እንጂ የሒሳቡ ግዴታ አይደለም።

የበረታው ተቃውሞ ግን ይህንንም አልፎ ይመጣል። «እሺ፣ ገበያው ትክክለኛ ሚዛን አይሁን፤ ቢሆንም እኩል ገቢ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሃያ ብር፣ ሌላው ብዙ ሺህ ብር ሲከፍሉ ዝም ይባላል?» ዝም አይባልም። ነገር ግን የቀበሌው ኪራይ ነገ ወደ ገበያው ዋጋ ቢነሳ ምን እንደሚከተል እናስብ። የግሉ ተከራይ ኪራይ በአንዲት ብር አይቀንስም። የጡረታ አበል የምትጠብቅ እናት፣ የቀን ሠራተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ጥበቃው አዲሱን ኪራይ መክፈል ስለማይችሉ ይወጣሉ፤ ወጥተውም የሚሄዱት ወደዚያው ወደ ግል ኪራይ፣ ያውም ወደ ርካሾቹ የጓሮ ክፍሎች ነው። አሁን እነዚያን ክፍሎች ይዘው ካሉ ድሆች ጋር ይሻማሉ፤ ደላላው ደስ ይለዋል። የተበደለው ሰው ፍላጎት ጎረቤቱ እንደሱ እንዲጎዳ ሳይሆን እሱም እንደ ጎረቤቱ እንዲያድር ነው። እርግጥ ይህ መልስ የገበያውን መፍትሔ ያፈርሳል እንጂ ሃያ ብሩን አያጸድቅም። ሃያ ብር ለባለቤቱም፣ ለቤቱም፣ ቤት ለሌለውም የማይጠቅም ቁጥር ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ምን ይሁን? እኔ የማምንበት ቤቱን ለማቆየት የሚያስፈልገው ወጪ መነሻ፣ የተከራዩ ገቢ ደግሞ ጣሪያ እንዲሆኑ ነው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል ብቻ ክብ ቁጥሮች እንውሰድ። አንድን ቤት መሥራት አንድ ሚሊዮን ብር ቢፈጅና ቤቱ 50 ዓመት ቢያገለግል፣ ወለድን ሳንቆጥር ዋጋውን ለመመለስ በዓመት 20 ሺህ፣ በወር ወደ 1,670 ብር ይበቃል፤ በዚያ ላይ የጥገናና የአስተዳደር ወጪ ይጨመራል። ይህ ለአዲስ ቤት ነው። በ1967 የተወረሱት ቤቶች ግን የግንባታ ወጪያቸው ለመንግሥት የሚመለስ ዕዳ አይደለም፤ መንግሥት አልሠራቸውም። ከነሱ መሰብሰብ ያለበት ጣራው እንዳያፈስ፣ ሽንት ቤቱ እንዲመጠጥ፣ ግድግዳው እንዲቆም የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፤ እሱም ከሃያ ብር ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከገበያው ኪራይም ብዙ ያንሳል። በመስከረም 2018 የተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ከገቢ ሦስት አሥረኛውን ለቤት መክፈል ተገቢ ነው ብንል 1,800 ብር ይመጣል። በዚህ ገንዘብ መሐል አዲስ አበባ ራሱን የቻለ ቤት ከግል አከራይ ማግኘት የማይታሰብ ነው፤ የቀበሌን ቤት በወጉ መጠገን ግን ይቻላል።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቪየና ከመቶ ዓመት በፊት ጀምራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1934 ከተማዋን ያስተዳደሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ከ60 ሺህ በላይ ቤቶች ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የጣሉት የቤት ግንባታ ግብርም በቅንጡ ቤቶች ላይ የበረታ፣ በትንንሾቹ ላይ የቀለለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ የተባለው ሕንፃ ብቻ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ከተማዋ አሁን ወደ 220 ሺህ የሚጠጉ የራሷ ቤቶች አሏት፤ ከነሱ ጎን ያሉት ትርፋቸው በሕግ የተገደበ የቤት ማኅበራትም ኪራያቸውን የሚያሰሉት ከወጪያቸው ተነሥተው ነው። «ያ ሀብታም አገር ነው» የሚል አይጠፋም። ግብሩ የተጣለባት ቪየና ግን ጦርነት የተሸነፈች፣ ግዛቷ የተበታተነባት፣ ከአንድ ዓመት በፊት የገንዘቧ ዋጋ ወርዶ ወርዶ ከወረቀት ያልበለጠባት ከተማ ነበረች። ለእኛ ዋናው ነገር ሌላ ነው። በቪየና የመግቢያው የገቢ ወሰን ከፍ ያለ ስለሆነ ነርሷም መምህሩም ማመልከት ይችላሉ። የግል አከራይ ተከራዩ ሌላ አማራጭ እንዳለው ስለሚያውቅ እንደፈለገ አይጨምርም። ለግሉ ተከራይ የሚጠቅመው የሕዝብ ቤት እንዲህ በዝቶ ሲገኝ ነው፤ ያለው ጥቂቱ ሲወደድ ምንም አያተርፍም።

ሌላው ተቃውሞ በቀበሌ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩት ባለጸጎች ነው። ስሙ በደብተሩ ላይ ሰፍሮ ራሱ ቪላ የሚኖር፣ የቀበሌውን ቤት ለደባል አከራይቶ በየወሩ ሺዎችን የሚሰበስብ ሰው አለ፤ ሃያውን ለመንግሥት ይከፍላል፣ ቀሪውን ኪሱ ያስገባል። የከተማው አስተዳደርም በሕገ ወጥ መንገድ የተያዙ የቀበሌ ቤቶችን ቆጥሮ በይፋ ገልጿል። ይህ ነውር ነው፤ መድኃኒቱም ማን እንደሚኖር በር አንኳኩቶ ማረጋገጥና ውሉን በሚኖረው ሰው ስም ማዞር ነው። ሁሉንም ኪራይ ወደ ገበያ ማውጣት ግን ለአንዱ ሌባ ብሎ አሥሩን ቤተሰብ መቅጣት ይሆናል። ገቢው ያደገ ተከራይ ምን ይደረግ ለሚለው እንግሊዝ ያየችውን መጥቀስ ይጠቅማል። እዚያ የማኅበራዊ ቤት ኪራይ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በቀመር ይሰላል፤ ሰባ በመቶው ከአካባቢው ደመወዝ፣ ሠላሳ በመቶው ከቤቱ ዋጋ ይነሣል፤ የመኝታ ክፍሎች ቁጥርም ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥት ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን ያለፈ የማኅበራዊ ቤት ተከራዮች ወደ ገበያው ኪራይ እንዲጠጉ ሕግ አወጣና በዚያው ዓመት አስገዳጅነቱን ተወው። የሰውን ገቢ በየዓመቱ መከታተል ወጪ አለው፤ ትንሽ ጭማሪ ያገኘ ሠራተኛም «ብሠራ ኪራዬ ይጨምራል» ብሎ እንዲሰጋ ያደርጋል። አብዛኛው ሰው ደረሰኝ በሌለው ንግድ በሚያድርባት አዲስ አበባ ደግሞ ክትትሉ ከእንግሊዝ አሥር እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ገቢን በጥንቃቄ መመዘን ያለብን ሲገቡና ውሉ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ነው እላለሁ፤ በመካከል ግን ቤተሰቡን ባናምሰው ይሻላል።

የበደሉ ሥር ያልሁት እዚህ ጋ ይታያል። ዛሬ የቀበሌ ቤት የሚያገኘው ማን ነው? በአመዛኙ ቀድሞ የነበረው ወይም ከነበረው የተወለደው። የግሉ ተከራይ የከፋው ጎረቤቱ ሃያ ብር ስለከፈለ ብቻ አይደለም፤ እሱ የሚሰለፍበት ሰልፍ ስለሌለ ነው። ቤት ሲለቀቅ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አላየም፤ ስሙ ስንተኛ ላይ እንዳለ የሚነግረው መዝገብ የለም። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ልዩነቱ ከኪራይ እጅግ ይበልጣል። የቀበሌው ተከራይ የልማት ተነሺ ተብሎ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ይመርጣል። ከባለይዞታ ተከራይቶ በዚያው ሰፈር ሃያ ዓመት የኖረው ሰው፣ እንዲሁም ደባሉ፣ ምትክ ከሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አይገቡም፤ ዕድራቸው፣ ጎረቤታቸው፣ ሥራቸው እዚያው ቢሆንም። በቀበሌ ቤት ውል ላይ ያለ አንድ ፊርማ የሚያስከትለው ይህ ልዩነት ከኪራዩ ልዩነት የሠላሳ ዓመት ድምር ሊበልጥ ይችላል፤ ስለ ፍትሕ ስንከራከር ግን ሃያ ብሩን እንቆጥራለን።

የግል ኪራዩን በተመለከተ በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አንድ ትልቅ እርምጃ ነው። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፤ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚወስነው አያልፍም። ስድስት ወር ቅድሚያ ተጠይቆ ከዘመድ ሲበደር ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዋጁ አከራዩን ከገበያ ያስወጣል የሚለው ስጋት መሠረት አለው፤ ጭማሪው ከዋጋ ንረቱ በጣም ካነሰ ቤቱን የሚዘጋ ወይም በወረቀት ላይ አንድ፣ በእጅ ሌላ የሚቀበል ይኖራል። ሁለተኛውን ለማስቀረት ተከራዩ መጠቆም አለበት፤ መጠቆም የሚደፍረው ደግሞ ቢባረር የሚገባበት ሌላ ቤት ያለው ተከራይ ነው። የግሉን ኪራይ የሚቆጣጠረው ሕግ እንዲሠራ የሕዝብ ቤት መብዛት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የሚቀረው የገንዘቡ መንገድ ነው። የቀበሌ ኪራይ ወደ ወጪው መጠን ቢነሳና የተሰበሰበው ወደ አጠቃላይ ካዝና ቢገባ፣ ተከራዩ በዚያው በሚያፈስ ጣራ ሥር እያደረ ግብር ብቻ ይጨመርበታል፤ ቅሬታውም ትክክል ይሆናል። ኪራዩ መጨመር ያለበት ጣራው ከተጠገነ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ አይደለም። የተሰበሰበው ለዚያው ግቢ ተለይቶ ተይዞ፣ ስንት እንደገባ፣ ስንት ቆርቆሮ እንደተገዛ፣ ሽንት ቤቱ መቼ እንደተመጠጠ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የጡረተኛዋንና የቀን ሠራተኛውን ጉድለት ደግሞ በጀት በስማቸው ቢሸፍነው፣ የምትከፍለው እናት ያለ ክርክር ትከፍላለች። ከዚያው ሰሌዳ አጠገብ ሌላ ወረቀት ሊለጠፍ ይችላል፦ በዚህ ዓመት የተለቀቁ ቤቶች ቁጥርና የተራ ጠባቂዎች ዝርዝር፣ ከፊት ለፊቱ በር የሚወጣው የግል ተከራይ ስሙን የሚፈልግበት።